አልችልም ያለው ዕጩ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነው። በርበሬ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ በእኛ አገር ደግሞ በርበሬ ሳያዩ መዋል አይቻልም። ክፉ ሴት ያስመስለኛል ብዬ ለሰው ሳልናገረው ቆይቼ ነበር። አሁን ግን ያስመስለኝ ብዬ ጻፍኩት።

መነሻው የአባቴ ሞት ነው። አባቴ ማንኩሳ አጠገብ ጥሩ የበርበሬ መሬት ነበረው። ልጆቹ እኔና ስማቸው የሚባለው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነን። እሱ እዚያው ገበሬ ነው፤ እኔ ከተማ ገብቼ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ተዝካሩ በወጣ ማግሥት ሽማግሌዎች የውርሱን ነገር ሊጨርሱ ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹ ዳኛ አያ አድማሱ የሚባል፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ በአካባቢው የተከበረ ሰው ነበር። በፊቱ ሁልጊዜ “እርስዎ” ነው የምለው። እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።

ተራዬ ሲደርስ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” አለኝ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ስትባል ሴት ልጅ፣ ያውም ሐዘን ላይ ያለች፣ ድርሻዬን አምጡ አትልም። መጀመሪያ እንቢ ትላለች። ሽማግሌዎቹ “የለም፣ ይገባሻል” ብለው ይጫኗታል። እሷም ትንሽ ታንገራግርና እሺ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ይከፈላል። እናቴም ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደለበስኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ “ወንድሜ ይያዘው፤ እኔ ከተማ ተቀምጬ ምን አደርገዋለሁ” አልኩ።

አያ አድማሱ “የለም” አላለም። “እግዜር ይስጥሽ፣ የጨዋ ልጅ ነሽ። እንግዲህ እሷ ራሷ ለቃለች” አለና ብድግ ብሎ መመረቅ ጀመረ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ምን ላድርግ፣ እኔም አሜን አልኩ። ምርቃት ከወረደ በኋላ ያለቀን ነገር መልሶ መክፈት ነውር ነው። ሕጉ እኩል ተካፈሉ እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን በአፌ አሜን ብያለሁ።

ያን ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ማንኩሳ ወረድኩ። በአባቴ መሬት ላይ የተጠመዱት የአያ አድማሱ በሬዎች ነበሩ። ለካ ምርቱን ከወንድሜ ጋር እኩል እየተካፈለ ሊያርሰው ተዋውሎ ኖሯል፤ ለሽምግልና ሲቀመጥም ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠረግሁና፣ ይህን ሰውዬ አንድ ቀን አገኘዋለሁ አልኩ።

የከተማችን የመብት ማኅበር ውስጥ የገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው። መምህራን፣ ጡረተኞችና ነጋዴዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት የበጎ ፈቃድ ማኅበር ነው። መሬቷን የተነጠቀች ሴት፣ ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው አቤት ሲል ጉዳዩን ይዞ ይሟገትለታል፤ ሲቻልም ጠበቃ ያቆምለታል። የማን አቤቱታ እንደሚያዝ፣ የማን እንደሚመለስ የሚወስነው ቦርዱ ነው። የቦርድ አባል ደመወዝ የለውም፤ ክብር ግን አለው። እኔ ጽዳትም፣ ሰው መጥራትም፣ የተባልኩትን ሁሉ እሠራ ነበር። የራሴን ጉዳይ ብቻ አላቀረብኩም፤ አሜን ብዬበት ምን ብዬ ልክሰስ?

ታዲያ ባለፈው ግንቦት፣ በቅርቡ ከገጠር ወደ ከተማችን የገባው አያ አድማሱ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። ከሐዘኑ ወዲህ ፊት ለፊት ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ልጄ አለኝ፣ ወንድሜን ጠየቀኝ፣ ስለ አባቴ ደግነት አወራልኝ። የበሬዎቹን ነገር ያወቅሁ አልመሰለውም። ሱሪው ለእሁድ ይድረስልኝ አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው እሱም አባል ሆኖ በማኅበሩ የቦርድ ምርጫ ሊወዳደር መሆኑን ነገረኝ። የሚጠቁመው ሰው አዘጋጅቷል፣ ድምፅ የሚሰጡትን አነጋግሮ ጨርሷል። አንቺም እንዳትረሺኝ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

መርፌው በእጄ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የት እንደምሰካው አስቤ ነበር።

እንደኔ መሬታቸውን የተነጠቁ ሴቶች አቤት ሲሉ የሚሰማቸው ይህ ሰውዬ ሊሆን ነው። ሌሊቱን ሁሉ ደሜ ሲፈላ አደረ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ያደረገኝን ልናገር ብዬ አሰብኩ፤ ግን አንቺ ራስሽ ለቀሽ የለም ወይ ቢለኝ መልስ የለኝም። ምስክሩም ብዙ ነው።

ቅዳሜ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ለክቶ አየው፤ አማረበት። ስንት ነው አለኝ። አፌ እንደለመደው “ይተዉት፣ ግድ የለም” አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን “ኧረ አይሆንም” ብሎ እጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። እሱ እቴ፣ ኪሱን እንኳን ሳይነካ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ምን እንደማደርግ የገባኝ።

እሁድ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ከቡሬም ከማንኩሳም የመጡ ነበሩ። እኔ በጊዜ ሄጄ ፊት ወንበር ያዝኩ።

መጀመሪያ የተጠቆሙት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እንደ ወጉ “ባልችለውስ” አሉ፤ ቤቱ “የለም፣ ይችላሉ” ብሎ ተጫናቸው፤ እሺ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ አያ አድማሱ ተጠቆመ። አስመራጩ ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቀው።

አያ አድማሱ እንደ መምህሩ በአንድ ቃል አልተወውም። አንደበተ ርቱዕ አይደል፣ ሲያሳምረው ጊዜ ወሰደ። ዕድሜው መግፋቱን፣ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ከእሱ የተሻሉ ሞልተው ሳለ ቦታውን መያዝ እንደማይገባው ተናገረ። መጨረሻ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ስለዚህ አልችልምና ለሌላ ይሁንልኝ” አለና ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ “የለም” የሚለውን ድምፅ ይጠብቃል።

ያዘጋጃቸው ሰዎች አፋቸውን ሳይከፍቱ ተነሣሁ።

“አያ አድማሱ አባታችን ናቸው፤ ሲያስታርቁ ኖረው ደክመዋል” አልኩ። “አሁን ጉልበቴን ያመኛል፣ አልችልም ብለው በአንደበታቸው ነግረውናል። እኛ የሰው ፈቃድ ይከበር እያልን የምናስተምር ሰዎች ነን። እሳቸውን በግድ ብንጭናቸው ያሳፍረናል። አመስግነንና መርቀን ብናሳርፋቸው እላለሁ።”

መጀመሪያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ። አንድ ደግ መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ምርቃት የተባለውን ሲሰሙ ተነሡ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎ እያሉ አወረዱት። ሕዝቡ አሜን ይላል። እኔ አያ አድማሱን ነበር የማየው። ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ዙሪያውን ተመለከተ፣ ምርቃት ነውና እሱም አሜን አለ።

ያቺን አሜን እስክሞት አልረሳትም። ጆሮዬን እንደ ማር ጣፈጠው።

አስመራጩ ስሙን አልፎ ወደሚቀጥለው ዕጩ ሄደ። ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

“ምን አደረግሁሽ፣ ልጄ?” አለኝ።

“ምንም። እርስዎ ራስዎ ለቀቁ እንጂ” አልኩት።

ያን ጊዜ ገባው። ሲገባው ዐይኑ ላይ አየሁት። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በዚህ አላበቃም። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሆነው ሱቄ መጡ፤ አንደኛው ያን ጊዜ በአባቴ ቤት ከአያ አድማሱ ጎን ተቀምጦ የነበረው ነው። ቂም ይዘሽ እንደሆነ ብለው ለስላሳ ለስላሳውን አወሩ፤ እሱ ያስቀየመሽ ነገር ካለ ይካስሽ፣ አንቺም ይቅር በዪው አሉኝ። ከዚያ ያው ሽማግሌ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። “አንቺስ ምን ትያለሽ?”

ግድ የለም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

“የአባቴን መሬት ግማሹን” አልኩ። “እሱ በሬውን ያውጣ፣ ወንድሜ ድርሻዬን ይስጠኝ። ያን ጊዜ እታረቃለሁ።”

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሴት ልጅ እንዲህ ስትል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ። እኔም እንደዚያ ስል ራሴን ሰምቼው አላውቅም። የአባቴ ቤት ሽማግሌ መሬት መሬቱን እያየ “እውነት ነው፣ ያን ጊዜም መጫን ነበረብን” አለ።

ከስንት ምልልስ በኋላ አያ አድማሱ በሬዎቹን አወጣ። ወንድሜም ብቻውን ሲቀር መጥቶ ከፈለልኝ። በዚያው ክረምት ግማሹ ላይ በርበሬ አስተክዬበት ነበር፤ ይህን ስጽፍ በርበሬው ግቢዬ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

የንስሐ አባቴ ቂሙን ከልብሽ አውጪ ይሉኛል። አያ አድማሱን ታርቄዋለሁ፣ ሳገኘው ጉልበቱን እስማለሁ፣ እንዴት ዋሉ እለዋለሁ። ከልቤ ግን አልወጣም፤ እንዲወጣም ብዙ አልጣርኩም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሱቄ በር ያልፋል። ያቺኑ ለምርጫው ያሳጠርኩለትን ሱሪ ለብሶ ነው። ስፌቱ እስካሁን አልተተረተረም፤ ልኩም ልክ ነው። የመንገዱ ጥግ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ በዐይኔ እሸኘውና ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።