ከወንዝ ማዶ የማይሠራ ፈቃድ

ግሌና ራትሊፍ ዕድሜዋን የፈጀችው በኬንታኪ በኩል ባለው ሆስፒታል ሰው በማስተንፈስ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ለገባለት በሽተኛ መሣሪያውን የምታስተካክል፣ አክታውን የምትመጥጥለት፣ ተስፋ የተቆረጠ ዕለትም ቱቦውን የምታወጣ እሷ ናት። ሐኪም ያዛል፣ ዘመድ ያለቅሳል፣ እጇን የምትሰድ ግን ግሌና ናት። አገሩ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አገር ስለሆነ ሳንባው ያልጠቆረ ሽማግሌ የለም። መደብር ውስጥ ሲያገኟት «ሚስ ግሌና፣ ለእኔ አይደለም የመጣሽው አይደል?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም «አንተማ ገና ነህ፤ ምላስህ ሲደክም እመጣለሁ» ትላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን አትወድም። ቱቦው ሊወጣ ሲል «እኔ አልችልም» ብሎ ኮሪደር ላይ የሚቀር ዘመድ ያንገበግባታል። «ደህና ሳለ አብሮት ሲበላ ኖሮ ዛሬ ጥሎት የሚወጣው ምን ዓይነት አንጀት ነው?» ትላለች። በዚህ ጉዳይ ምሕረት አልነበራትም።

ታላቅ ወንድሟ ዶይል አግብቶ የሁለቱን ግዛቶች ወሰን፣ ታግ ወንዝን፣ ከተሻገረ ወዲህ የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ነው። የቤቱ ጣሪያ ከግሌና በረንዳ ላይ ይታያል። እሱም ጉድጓድ ውስጥ ያረጀ ነውና ከወንበሩ እስከ በሩ ለመድረስ ትንፋሽ ያጥረው ጀምሯል። አንድ እሑድ እሱ ቤት የአደንጓሬ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ሲበሉ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስሚኝ እህቴ። ቀኔ ሲደርስ ቱቦውን የምታወጪልኝ አንቺ ነሽ።»

«ሾርባህን ጠጣ ባክህ!»

«አልቀለድኩም። ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ቢናድብህ ማን ገብቶ እንደሚያወጣህ ታውቃለህ፤ ያንን ሳታውቅ አትወርድም። እኔ የማላውቀው ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ።»

«የእናታችን አጥንት ይውጋሽ?»

«ይውጋኝ!»

ሳህን ስታጥብ ነው ትዝ ያላት። የሙያ ፈቃዷ የኬንታኪ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ከአላፊ አግዳሚ የተለየች አይደለችም። በማግስቱ ለዌስት ቨርጂኒያ አመለከተች። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ስልክ መደወል ሥራዋ ሆነ።

«ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው እመቤቴ።»

«ልጄ፣ ወንዙ እኮ በበጋ ከጉልበቴ አያልፍም! የሰው ሳንባ ማዶ ሲሻገር ይለወጣል?»

«ደንብ ነው እመቤቴ።»

ስልኩን ዘግታ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ትራገማለች። ጎረቤትም አብሯት ይራገማል።

መኸር ሲገባ ዶይል ወደቀ። ማዶ ያለው ሆስፒታል ቱቦ አስገባለት፤ ሳንባው ግን ከዚያ ወዲያ እሺ አላለም። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለ ተናገረ፣ ሚስቱ ናዲንም ይብቃው አለች። ግሌና በዚያው ጠዋት እንደገና ደወለች። አሁንም በመታየት ላይ ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ ናዲን ከበሩ አላለፈችም። «አንቺ አለሽለት» ብላ ኮሪደር ላይ ቀረች። ግሌና በሆዷ ታዘበቻትና ገባች። ተረኛዋ ባለሙያ ኬልሲ ነበረች፤ ልምምድ ላይ ሳለች ግሌና ያስተማረቻት ልጅ ናት። ነርሷ የማስታገሻውን መርፌ ሰጥታ ስትወጣ ኬልሲ መጋረጃውን ዘጋችው።

«ሚስ ግሌና፣ ቃል እንደገቡለት ሰምቻለሁ። ጓንት ያጥልቁ። ከተጠየቅሁ እኔ ነኝ ያወጣሁት እላለሁ።»

ስትለምነው የኖረችው ነገር በእጇ ገባ። ጓንቱን አጠለቀች። ጎንበስ አለች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ የምታየው ቱቦውንና መሣሪያውን እንጂ ፊት አልነበረም። አሁን ግን ቅንድቡ ላይ ከሰል የገባበትን ሰማያዊ ጠባሳ አየች፣ ያልተላጨ ጢሙን አየች። ጣቶቿ ጉንጩ ላይ ከተለጠፈው ፕላስተር ደረሱ። እዚያው ቆሙ። ይሄ በሽተኛ አይደለም፣ ዶይል ነው። ልትገድለው የመጣች መሰላት።

«አይሆንም» አለች ቀና ብላ። «ፈቃዴ ከወንዙ ወዲያ ነው የሚሠራው። ሕግ ሕግ ነው። አንቺንም ከእንጀራሽ አላፈናቅልሽም።»

ኬልሲ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጓንት አጠለቀች። ግሌና በሩን ከፍታ ወጣች።

«አለቀ?» አለች ናዲን።

«አላስነኩኝም።»

ናዲን አቅፋት አለቀሰች። ከበሩ ጀርባ የመሣሪያው ድምፅ ጸጥ አለ።

ከቀብር መልስ ቤቱ ምግብ ይዞ በመጣ ሰው ሞላ። ሽማግሌዎቹ መንግሥትን ወረዱበት። «እህት ወንድሟን እንዳትሸኝ የሚከለክል! ወረቀታቸውን ይብሉት!» አሉ። ናዲንም «እሷ ምን ታድርግ፣ ከለከሏት እንጂ» ትላለች። ግሌና መስማት ስላቃታት ጓዳ ገብታ ሳህን ታጥብ ጀመር። ኬልሲ ተከትላት ገባች፤ ከጎኗ ቆማ ታደርቅላት ጀመር።

«ብቻውን ነበር?» አለች ግሌና ፊቷን ሳታዞር።

«እጃቸውን ይዤ ነበር።»

«ዓይኑን ገለጠ?»

ኬልሲ የያዘችውን ሳህን ደጋግማ ወለወለችው።

«ገልጠው ነበር፣ ሚስ ግሌና።»

«ማንን አየ?»

«በሩን ነው ያዩት።»