ቀለሙ ያልደረቀ ወንበር

ሲመጡብኝ ወንበር ላይ ጨርቅ እየወጠርኩ ነበር። አጎንብሼ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ቀና ስል የታጠቁ ሰዎች በሩን ሞልተውታል፤ አንዳቸውንም እንጅባራ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከሱቄ ፊት ለፊት የሰፈራችን እድር ወንበሮች ተደርድረዋል። የተሰበረውን ጠግኜ፣ የዛገውን ፍቄ፣ ቀለም ቀብቼ እንድመልስ የተረከብኳቸው ናቸው።

"ይህ ሁሉ ወንበር የማን ነው?" አለኝ አንደኛው።

"የእድር ነው።"

"ስብሰባ ልታደርጉ ነው?"

"ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው የሚቀመጥበት።"

ያሾፍኩበት መሰለውና አፈጠጠብኝ። ከዚያ "ተነስ" አለኝ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሱቁን ልዝጋ ብላቸው አልፈቀዱም። ጎረቤቴ ባጃጁን አቁሞ ያይ ነበርና ሱቁን እንዲዘጋልኝ በዓይኔ ለመንኩት፤ እሱም በዓይኑ እሺ አለኝ።

ሥራዬ አሮጌ የቤት ዕቃ ማደስ ነው። ሰው የሰለቸው ሶፋ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ቀለሙ የተላጠ ቁም ሣጥን ይመጣልኛል። እፍቃለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ስፖንጅ ቀይሬ አዲስ ጨርቅ አለብሳለሁ። ፖለቲካ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን ግን ነዋሪው አዳራሽ ተጠርቶ ነበርና፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል እጄን አወጣሁ። "ከሰፈራችን የተወሰዱት ሰዎች የት እንዳሉ ይነገረን፤ ቤተሰብ ስንቅ የት ያድርስ?" አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሰዉ ሲያጨበጭብ ነው የፈራሁት። መምጣታቸው ስለዚያ እንደሆነ ገብቶኛል።

ዳንግላ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ወሰዱኝ። ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት ነበር መሰል፣ ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ብዙ ሰው ላይ አረፈ። ሁሉም ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሊወጡ የተጠሩ መስሎኝ ነበር። አልነበሩም። ሲመሽም እዚያው ቆመው ነበሩ።

ከአዘና በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። በጉልምስናቸው ፈረስ ጥሏቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱ እንደ ነገሩ ነው የገጠመው። ሲሚንቶ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሰው ደግፎ ማውረድ አለበት፤ ለማንሳትም እንደዚያው። ሌሊት መተኛቱ አይቀርም። ቀን ቀን ግን ሰው ላለማስቸገር ቆመው ይውላሉ።

"አባቴ፣ እኛ እንይዝዎታለን፤ ይቀመጡ እንጂ" አልኳቸው።

"መቀመጡስ ባልከፋ ልጄ፤ መነሳቱ ነው" አሉኝ። "ብርዱ ይገባበትና እንደ ቢላ ይሆናል።"

ከጥሊሊ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አጠገባችን ነበር። ጃኬቱን አጣጥፎ እንዲቀመጡበት አነጠፈላቸው። አመስግነው ጥቂት ተቀመጡ። ሲያነሷቸው ግን ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ጃኬቱን አልፈለጉም። ነጋዴው ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ እሳቸው ዞሮ "አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?" ይላቸዋል። "ቆሜ" ይሉታል። ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። ቀልድ የነበረን ያ ነው።

እዚያ ቤት ሰው ሳይሠራ ይደክማል። ጠዋት ስነሳ ቀኑን ሙሉ ጭነት ያወረድኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ማንም ስለ ጉዳዩ አያወራም። ቤተሰብ ያለንበትን ይወቅ አይወቅ አናውቅም፤ ስልካችን ተወስዷል፣ ኔትወርክም ቢሆን በዚያ ሰሞን በአካባቢው አልነበረም። የቆርቆሮውን ብስ እያየሁ፣ ብርሃኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሄድ እከተላለሁ። ሲደክመኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አንድ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ "ሶፋ የሚሠራው ማን ነው?" አለ። ሲመዘግቡኝ ሙያዬን ተናግሬ ነበር። ተነሳሁ። ነጋዴው እጄን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው፤ መጠራት ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም።

ግቢው ውስጥ አንድ ሰፊ ሶፋና ብዙ የእንጨት ወንበሮች ተከምረዋል። የሶፋው ሆድ ተቀዶ ሞላው ወጥቷል። ወንበሮቹ ከየት እንደተሰበሰቡ እንጃ፤ ቀለማቸው ተላጥቷል፣ አንዳንዶቹ መቀመጫ የላቸውም። የቦታው ኃላፊ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አይደለም።

"ቢሮዬ እንግዳ ይመጣበታል" አለኝ። "እንደ አዲስ አድርጋቸው። የሚያስፈልግህን ንገራቸው፣ ይገዛል። አሳምረህ ከሠራህ ጉዳይህን አይልሃለሁ። ቤትህ ትገባለህ።"

ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ሚስማር፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ያስፈልጋል አልኩት። ጨርቁ ቡና ዓይነት፣ ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ምርጫው የእኔ አልነበረም።

ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ፀሐይ ነበር። አሮጌውን ጨርቅ በጉጠት እየነቀልኩ፣ ሞላውን በሲባጎ መልሼ አሰርኩት፤ ከላዩ ጆንያ ወጠርኩበት፤ ስፖንጁን ቆርጬ አለበስኩት። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ፈቅኳቸው። እጄ ሥራውን አልረሳውም፤ ቶሎ ቶሎ ግን መቀመጥ ያምረኝ ጀመር። መዶሻው ከብዶኛል። ድሮ ከጠዋት እስከ ምሳ የምጨርሰውን ቀኑን ሙሉ ያዝኩት።

ጠባቂው ጎልማሳ ነው፤ ሽማግሌውን አንዳንዴ በአዊኛ ሲያናግራቸው ሰምቼዋለሁ። የተረፈውን የስፖንጅ ቁራጭ አሳየሁትና "ይህን ለእኒያ አባት ላስገባላቸው?" አልኩት።

ዙሪያውን አየ። "ዕቃ አይገባም ተብሏል።"

"ስፖንጅ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ። "አይገባም ተብሏል።" ከዚያ ፊቱን አዞረ። አልተቆጣሁትም። እሱም ደክሞት ነበር።

ማታ ማታ ስገባ ሽማግሌው ቀለም ቀለም እንደምሸት ይነግሩኛል። አንድ ቀን "ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አሉኝ።

"አረንጓዴ ነው።"

"እሱማ ይሁን። ምን ዓይነት አረንጓዴ?"

ትንሽ አሰብኩ። "ገብስ እሸት ከመሆኑ በፊት፣ ዝናብ የጠገበ ጊዜ ያለው።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሱን ሳላየው ሊያልፈኝ ነው ዘንድሮ" አሉ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሶፋውን ወደ ቢሮ አስገባን። በበሩ እንዲያልፍ ብለን የጀርባውን ጨርቅ ሳልጨርስ ስላስገባነው፣ ቀሪውን እዚያው እንድመታ ተፈቀደልኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የቀባኋቸውን ወንበሮች ከግቢው አንስተን በቢሮው ግድግዳ ሥር ደረደርናቸው፤ ቀለማቸው ገና አልደረቀም። ኃላፊው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ወረቀት ያገላብጣል። እኔ ከሶፋው ጀርባ ተንበርክኬ ሚስማር እመታለሁ።

በሩ ተከፈተና ጠባቂው ሽማግሌውን ይዟቸው ገባ። ግቢውን ሲያቋርጡ ዝናብ መቷቸዋል፤ ከጋቢያቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። መዶሻዬን አቆምኩ። ውጣ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ኃላፊው ግን እዚያ መኖሬን ረስቶታል፤ ወይም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም።

"አንተ" አላቸው። ልጅ የሚጠራ ነው የሚመስለው። "ቤትህ ያበላሃቸው ሰዎች እነማን ናቸው?"

"እንግዶች ናቸው።"

"ስማቸውን ነው የጠየቅኩህ።"

"እርቦት የመጣን ሰው ስሙን አልጠይቅም። አላሳደጉኝም እንደዚያ።"

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው ቆመህ አስብበት" አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሽማግሌው ክፍሉ መሐል ቆመዋል። እዚህ የሚደገፉት ግድግዳ የለም። መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ። ቀጥሎ ቀኝ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በሱሪያቸው ላይ ይታያል። ጠባቂው እግሩን እግሩን ያያል። እኔ ሚስማር በአፌ እንደያዝኩ ነበርኩ። ያን ሚስማር ከአፌ ሳወጣ ምን ላደርግ እንደሆነ አላሰብኩም። ጀግና ለመሆን የሚበቃ ጉልበትም አልነበረኝም። እኒያን ሰው ቆመው ማየት ግን ሰልችቶኛል። ከገባሁ ጀምሮ ቆመው ነው ያየኋቸው። ክፍሉ ደግሞ ወንበር በወንበር ነው።

ተነሳሁ። ከግድግዳው ሥር አንዱን አነሳሁ፤ ቀለሙ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ከኋላቸው አስቀመጥኩትና ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ይቀመጡ አባቴ" አልኳቸው። "ቀለሙ አልደረቀም፤ ጋቢዎን ይነካብዎታል።"

ኃላፊው ቀና አለ። ሽማግሌው አልቸኮሉም። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውን አዩት፤ አረንጓዴ ሆኗል። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር ዳሌያቸውን አላስጨነቀውም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ።

"እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "በል እንግዲህ ጠይቀኝ፣ ልጄ።"

ኃላፊው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። አልመታኝም።

"ጨርሰሃል?" አለኝ።

"የሶፋው ጀርባ ትንሽ ይቀረዋል።"

"ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ወደ ቦታህ።"

መዶሻውን ሶፋው ላይ ትቼ ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ስሄድ ቤቴ እንደማልገባ አውቄያለሁ። ነጋዴው የሆነውን ከእኔ ሲሰማ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

"ምን ነካህ አንተ? ልትወጣ ነበር እኮ!"

"እንጃ" አልኩት። "ደከመኝ።"

ተመለከተኝና የተረፈውን ቆሎ መዳፌ ላይ አደረገልኝ።

ሽማግሌው ሲመሻሽ ጠባቂው ደግፏቸው ተመለሱ። ከጋቢያቸው ጀርባ ላይ ሁለት አረንጓዴ መስመር አለ። ምን እንደተጠየቁ አልነገሩንም። ጠባቂው ሊወጣ ሲል በአዊኛ አንድ ነገር አላቸው፤ እሳቸውም መለሱለት። ምን እንዳለ ብጠይቃቸው "ኃላፊው ተቀምጬ እንደጠየቀኝ ነገረኝ፤ እኔ የማላውቀው ይመስል" አሉና ሳቁ። ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሳቸውን ከእኔ ቀድመው ለቀቋቸው። ልጃቸው በጋሪ እንደወሰዳቸው ሰማሁ። ነጋዴውም ሄደ። እኔ ክረምቱ እስኪያልቅ ቆየሁና አንድ ጠዋት ከብዙ ሰው ጋር ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ። ለምን እንደታሰርኩ አልተነገረኝም፤ ለምን እንደተፈታሁም እንደዚያው። ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ሳገኝ እንጅባራ እስክንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌው አረፉ። ለቅሶ ለመድረስ አዘና ሄጄ ነበር። ሚስታቸው ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ጉንጬን ይዘው አዩኝ።

አሁንም እዚያው ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሰዎች "መቱህ ወይ?" ይሉኛል። አልመቱኝም እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ፤ እኔም ይመስገን እላለሁ፤ ወሬው በዚያው ያልቃል። ድካሙን እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም። ከእንቅልፌ አብሮኝ ይነሳል። ቀትር ላይ ብሩሹን አስቀምጬ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴም ለምን ብላ አትጠይቀኝም።

ባለፈው ሰሞን ከአንድ መሥሪያ ቤት ወንበሮች መጡልኝ። ማንን እንደሚያስቆሙበት፣ ማንን እንደሚያስቀምጡበት የማይታወቅ ቢሮ ነው። ባለቤቴ "ትሠራዋለህ?" አለችኝ፤ ካልፈለግኩ እንደምትመልሳቸው ከድምፅዋ ገብቶኛል። እሠራዋለሁ አልኳት። ፍቄ፣ ቀብቼ፣ ጨርቅ አለበስኳቸው። ከዚያም ሊወስዷቸው ሰዎች ሲመጡ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይቆይ ብዬ መለስኳቸው። ማን እንደሚቀመጥባቸው አላውቅም። ስፖንጁን ግን አላሳነስኩም።