ጋሼ መኩሪያ የጠበቁት ሳንቲም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶዶ ገበያ መደቤ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ሴት አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ አምጥታ ፊቴ አወረደች። ከበዴሳ በኩል የመጣች ናት፤ ዋጋዋን ነገረችኝ። እጄን ወደ መቀነቴ ስሰድ፣ አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠው ወይንሸት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ምን ያስቸኩልሻል? የበዴሳ መኪና ረዳት መጣራት ሲጀምር ግዢ። ያኔ ተሸክማው አትመለስም።"

ወይንሸት ክፉ ሰው አይደለችም። ልጆቿን ያሳደገችው እንዲህ እየገዛች ነው። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ እንዲህ ገዝቻለሁ። የዚያን ቀን ግን "ያኔ ግዢ" ስትለኝ ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝና ጋሼ መኩሪያ ትዝ አሉኝ።

እሳቸው ቤት በሠራተኝነት የተቀጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አባቴ ከዚያ በላይ ሊያስተምረኝ አልቻለም። ጋሼ ማታ ማታ ትማሪያለሽ ብለውኝ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ሁልጊዜ "ሲመች" ይባል ነበር። ከእርሻ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እንግዳ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ አሮጌ ሳንቲም መሰብሰብ ለምደው፣ አረንጓዴ ከፈይ የተነጠፈበት መሳቢያ ሞልተዋል። ጠገራ ብር አለ፣ የጣሊያን ሳንቲም አለ፣ ፊቱ ተበልቶ ያለቀ መሐለቅ አለ። እያንዳንዱ በልኩ በተቆረጠለት ክብ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። እንግዳ ሲመጣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ልክ እንደ ጫጩት በሁለት ጣታቸው ያነሷቸዋል። እኔ አንድም ቀን እንድነካ አልተፈቀደልኝም።

መሀል ላይ አንድ ባዶ ጉድጓድ ነበረ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። "ይሄኛውስ?" ብሎ የሚጠይቅ ሲያገኙ ደስ ይላቸው ነበር። "እሱማ በዴሳ ማዶ፣ አንዲት አሮጊት አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን እየጠበቀ ነው" ይላሉ።

አሮጊቷን ሰፈሩ ሁሉ አዬ ብርቄ ይላታል። አዬ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው። አማርኛ አትሰማም። ጋሼ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ እኛው አገር ኖረው ወላይትኛቸው ከሰላምታ አላለፈም። ስለዚህ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። እኔ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ፣ የሁለት ትልልቅ ሰዎች አፍ ሆንኩ።

መጀመሪያ የሄድነው በጥቅምት ነው። በዴሳ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ደርቋል፤ ጤፉ ዛላው ከብዶት ተኝቷል። አዬ ብርቄ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልን። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፤ ጋሼ እያለቀሱ በሉ፣ እሷም ሳቀችባቸው። ከዚያ ክሩን ከአንገቷ ሳታወጣ ሳንቲሙን ወደፊት ሳብ አድርጋ አሳየችን። የተቀረጸበት የአንድ ሰው ራስ ነው፤ በዙሪያው ቀጭን ወርቅ ተለብጦበታል፤ ግራና ቀኙ ላይ ቅጠል የመሰለ ነገር አለ። ጋሼ የአክሱም ዘመን ንጉሥ ነው፣ ቅጠሉም የስንዴ ዛላ ነው አሉ። አዬ ደግሞ እንሰት ነው አለች፤ እናቷ የነገረቻት እንደዚያ ነበር።

ልትሸጠው የፈለገችው ለዓይኗ ነው። ሐኪም አይቷት የዓይን ግፊት አለብሽ፣ የግራው ጠፍቷል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀኙ እንዳይጠፋ ግን ሐዋሳ ሄደሽ ቶሎ ታከሚ ብሏታል። የጠራችው ዋጋ ለመንገዱ፣ ለሕክምናውና ይዟት ለሚሄደው ሰው የሚበቃ ነበር፤ ትንሽም ይተርፋል። ጋሼ ያ ገንዘብ የዚያን ቀን ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

"ንገሪያት" አሉኝ፤ "ቆንጆ ነው፣ ግን ተበስቷል። የተበሳ ሳንቲም ዋጋ የለውም።"

"ሳይበሳ አንገቴ ላይ በምን ሊንጠለጠልልኝ ነበር በይው" አለች አዬ። እሷ አንተ ትላቸዋለች፣ እኔ እርስዎ እያልኩ አሻግራለሁ።

ሳይገዙ ተመለስን። ማታ ራት ላይ ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘነበች ነገሩን ሲያስረዱ ሰማኋቸው። በጥቅምት ከገበሬ ዕቃ አይገዛም፤ እህል ሊገባለት የደረሰ ሰው ይከራከራል። ሳንቲም ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፣ ቀኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው አሉ።

"ዓይኗስ?" አሉ እትዬ።

"እኔም የምጠብቀው እሱን ነው።"

በየካቲት ተመለስን። ፀሐዩ የሚያቃጥልበት፣ ሣሩ ሁሉ ገለባ የሆነበት ጊዜ ነው። ጋሼ በዚያን ወቅት ስኳራቸው ከፍ ብሎ የእግራቸው ጣት ቆስሏል፤ ጫማቸውን በምላጭ ቀደውለት ነበር የሚሄዱት። ግቢው እንደገባን አዬ ልትቀበለን ስትነሳ፣ ከዘራቸውን ቀስ ብለው መንገዷ ላይ አጋደሙት። ምን ያህል እንደምታይ ሊለኩ ነው። አዬ ከዘራው ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ወንዝ ተሻገረችው።

"ላምም ትሻገረዋለች በይው። እግሩ እንዴት ሆነ? ሽታው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። ከሁለታችን ማን ቀድሞ በሰው እጅ እንደሚመራ እናያለን።"

ጤንነትዎን ትጠይቃለች አልኳቸው። ፊቴን አይተው፣ ያለችውን እንዳለች ንገሪኝ አሉኝ። ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ቀን ተደስተው አይቻቸው አላውቅም። ሁለቱም እርስ በርስ የሚዋደዱ ይመስሉ ነበር፤ ምናልባትም ይዋደዱ ነበር።

በግንቦት የሄድንበት ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። በእኛ አገር ግንቦት አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ነው። ምራቷ ታደለች ያቀረበችልን ለስሙ ነበር፤ ልጆቿ እጃችንን እየተከተሉ ያዩ ነበር፤ እኔ መጉረስ አቃተኝ። ጋሼ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ አዬ ጆሮ ላይ ተጠግቼ፣ እስኪጨልምብሽ ነው የሚጠብቁት፣ ለሌላ ሰው ሽጪው አልኳት። ወርቅ ሠሪ ጠይቃ ኖሮ፣ አቅልጦ በክብደቱ እንጂ አልገዛም ብሏታል።

"የሚጠብቀውን የማላውቅ መሰለሽ? እሱ ይህን ነገር የሚፈልገው እኔ ዓይኔን ከምፈልገው በላይ ነው። ያለ ዓይን የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። እሱ ያለዚህ መኖር ይችላል?"

ይህን ብትልም ያን ቀን ዋጋዋን ቀነሰች። ትርፉን ሁሉ ቆርጣ፣ ሐዋሳ ደርሶ መመለሻውንና ሕክምናውን ብቻ ጠየቀች። ስትናገር ፊቷን አዞረች። ጋሼ ከመስቀል በፊት እንመጣለን በያት አሉኝና ተነሡ።

መንገድ ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ። "ጋሼ፣ ዛሬ ቢገዟት?"

ቆም ብለው አዩኝ። "አንዴ የወረደ ዋጋ ገና ይወርዳል። እስከ ስንተኛ ነው የተማርሽው?"

"ስምንተኛ።"

"እስከ ስምንተኛ ይህን አያስተምሩም" አሉና እያነከሱ ቀደሙኝ።

የአራተኛው ጉዞ በመስከረም፣ በጊፋታ ዋዜማ ነበር። ጊፋታ ለወላይታ ሰው ዓመቱ ሁሉ የሚሠራለት በዓል ነው፤ ሥጋ ያልገባበት ቤት ለዓመት ያፍራል። መንገዱ ሁሉ ሰንጋ በሚነዱ፣ ቅቤ በተሸከሙ ሰዎች ተሞልቷል። ጋሼ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። አዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከዘራውን ማጋደም አላስፈለገም። ፊቷን ወደ ድምፃችን ስታዞር አገጯ ትንሽ ከፍ አለ፤ ዓይነ ስውራን እንደሚያደርጉት። በክረምቱ ጨልሞባት ነበር።

ጋሼ ዘለግ ያለ ሐዘኔታ ካሳዩ በኋላ የግንቦቱን ዋጋ ግማሽ ጠሩ። አዬ ራሷን ወዘወዘች። ሙሉውን ጠሩ። ፈገግ አለች።

"ያኔ ዓይን ልገዛበት ነበር። አሁን ምን ልግዛበት? ጠይቂልኝ።"

ጋሼ የጥቅምቱን ዋጋ ጠሩ፤ ከዚያ እጥፉን። ያልጠበቁት ነገር ይህ ነበር፤ ችግሯ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አንድ ቀን ያልቃል ብለው አላሰቡም። ታደለች ያን ገንዘብ ስትሰማ አማቷ እግር ላይ ወደቀች። ለበዓሉ ቅርጫ አልገቡም፣ ባሏም ለሥራ ወጥቶ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። "አዬ፣ ልጆቹ የሰው ቤት ጭስ ሲያሸቱ ሊውሉ ነው" እያለች ለመነች። አዬ እግሯን ሰበሰበች። "እኔ ሲጨልምብኝ ማን ለመነልኝ?" አለቻት። ታደለች ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ አዬ ክሩን ከአንገቷ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። "ስጪው። በእጁ ይያዘው፣ ይጥገብ። ከዚያ መልሺልኝ።"

አወጣሁላትና መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ጋሼ ሳንቲሙን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ከዚያ በሌላው እጃቸው ከኪሳቸው አንድ አሮጌ፣ በልኩ የሆነ የመዳብ ሳንቲም አወጡ። ክር የገባለት፣ የተበሳ። ከቤት አዘጋጅተውት ነው የመጡት።

"ይሄን አጥልቂላት" አሉኝ በአማርኛ፣ በለሆሳስ። "አታይም። ከነገ ወዲያ ማታ ትምህርት ትጀምሪያለሽ።"

አልችልም አልኩ። ቃሉ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ጡጫቸውን ጨበጡ። ጎንበስ ብዬ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቅኩ፣ እሳቸውም እንደ ሕፃን ታገሉኝ። የእሷን አውጥቼ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት።

"ምንድነው ያለሽ?" አለች አዬ።

እውነቱን ነገርኳት። ሌላ ሳንቲም ቀይሪላት አሉኝ፣ እኔ ግን ያንቺኑ መለስኩልሽ አልኳት። እንደምትመርቀኝ ነበር የጠበቅኩት።

"ሌላ ሳንቲም ነበረው?"

"አዎ።"

"ክር ያለው?"

"አዎ።"

"እና አንቺ፣ በእሱ ቤት እየበላሽ፣ እምቢ አልሽው?"

ሳንቲሙን በአውራ ጣቷ አሸችው። ምላሷ ላይ አደረገችው። ያን ሁሉ ዓመት ደረቷ ላይ የኖረ ነገር ነው፤ ጣቷ ያወቀው ይመስለኛል። እሷ ግን ጣቷን አላመነችም። "ታደለች፣ ነይ እዪልኝ፤ ያው ነው?" ብላ ተጣራች።

ታደለች ወጣች። ሳንቲሙን አገላብጣ አየችው። ወርቁ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ለማንም ግልጽ ነው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ የአማቷን የጨለሙ ዓይኖች አየች፤ ረጅም ጊዜ።

"እኔ እንጃ፣ አዬ" አለች። "ይመስላል።"

ተመልሳ ገባች። እኔ ያንቺው ነው፣ ያንቺው ነው እያልኩ አለቀስኩ፤ ባለቀስኩ ቁጥር ፊቷ ይበልጥ ይጠነክራል። ጋሼ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ሞተር ጠርተው ተፈናጠጡና፣ ልብስሽን እትዬ ትልክልሻለች ብለውኝ ሄዱ። እኔ በዴሳ ድረስ ብቻዬን ተጓዝኩ፤ እንዲህ ሆኖ ነው ገበያ የገባሁት፤ መጀመሪያ በተሸካሚነት፣ ኋላ በመደብ።

አዬ በዚያው ሰሞን ሳንቲሙን ከአንገቷ አውልቃ ለልጆቹ መጫወቻ ሰጠችው አሉ። እንሰቱ ውስጥ ጠፋ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የሰፈሩን ልጆች ከፍለው አስቆፍረው ነበር ይባላል፤ አልተገኘም። አዬ የሐሰት ሳንቲም አስረውብኛል ብላ እንዳመነች ሞተች። በእሷ እምነት ሐሰት የሠራሁባትም እኔ ነኝ።

ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ያን ሳንቲም ከልቡ ያልፈለገ ሰው ቢመጣ ኖሮ አይቶ ያልፍ ነበር፤ እሷንም አይጎዳትም ነበር። የጎዷት በሕልማቸው እንኳ የሚያዩት ሰው ናቸው። እውነት መናገርም እንደዚያው ይጎዳል፤ እኔ የዚያን ቀን "እግዜር ያጽናሽ አሉ" ብዬ ዋሽቼ ቢሆን፣ አዬ የገዛ ሳንቲሟን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሞት ነበር። ያኔ ግን አሥራ ሰባት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ እውነት የተናገረ ሰው የሚታመን ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሴትየዋን አላስጠበቅኳትም። የጠራችውን ዋጋ እዚያው አውጥቼ ሰጠኋት። ወይንሸት ከንፈሯን መጠጠች። ሴትየዋ ግን አልሄደችም። ይህን ያህል ቶሎ የሚገዛ ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ ብሩን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች መረመረችው፣ በመሀል በመሀልም እኔን ታየኛለች። አልተቀየምኳትም። ማየት የምትችል ሴት ናት፤ እስኪበቃት ትይ ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት።