ቀዩ ድንጋይ የተቀመጠበት ቦታ

ነጂብ የባሮን ወንዝ መፍራት የጀመረው ገና ስሙን ሳያውቅ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው፣ በጭነት መኪና ጋምቤላ ሲደርሱ ልጅ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሠፈራ ጣቢያ ባደሩ ማግስት እናቱ ከይሪያ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከትሏት ሄደ። የአገራቸው ሰው የሆነ አንድ ጎልማሳ እፊታቸው እስከ ወገቡ ገብቶ ይታጠባል። ነጂብ እንደነገረኝ ጩኸት የሚባል አልሰማም። ውሃው ብቻ አንዴ ተናወጠ፤ ከዚያ ሰውየው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ልብሱ ዳር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ከይሪያ እንስራዋን ጥላ፣ ልጇን በክንዱ እየጎተተች ሽቅብ ሮጠች። ሁለተኛ ወንዙ ዳር እንዳይደርስ አስማለችው፤ እሱም መሐላው ባይኖር እንኳ አይደርስም ነበር።

ጋምቤላ ክልል ሆና፣ በየደጁ አዲስ የቢሮ ሰሌዳ በሚሰቀልበት ዘመን፣ ነጂብ ከመምህራን ማሰልጠኛ ወጥቶ እኔ ሒሳብ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። የስፖርት አስተማሪ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሮጥ ዓይን የሚስብ ልጅ። ትምህርት ቤታችን ለወንዙ ቅርብ ስለነበር ከሥራ መልስ ሁላችንም ወርደን እንታጠባለን፤ እሱ ግን ውሃ በባልዲ እያስቀዳ ቤቱ ይታጠባል። ድልድዩን ሲሻገር መሃል መሃሉን ነው የሚሄደው። ከኋላው መኪና ጡሩምባ ቢነፋበት እንኳ ወደ ዳር አይወጣም፤ ሾፌሩ እየተሳደበ በነጂብ እርምጃ ልክ ይከተለዋል። አንዳንዶች ይስቁበት ነበር። እኔም አልፎ አልፎ ስቄያለሁ።

የሳህን ጨዋታውን ያመጣው የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ከእርዳታ ድርጅት ጋር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። አናታቸው ላይ ሰንሰለት የተንዠረገገባቸውና ከሥሩ የሽቦ ቅርጫት ያላቸው የብረት ምሰሶዎች አስበየደ፤ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አንሥቶ በማንጎዎቹ መሃል እስከ ወንዙ አቅራቢያ አራርቆ ተከላቸው። ጨዋታው ቀላል ነው። ፍሪዝቢ የሚሉትን የፕላስቲክ ሳህን ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት ቦታ ሆነህ ደግመህ ትወረውራለህ፤ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ፈረንጁ ሥራው አልቆ ሲሄድ ሳህኖቹን ለነጂብ ተወለት። ከየት እንደሚወረወር ግን ሳይወስን ሄደ።

ስለዚህ መወርወሪያዎቹን የመረጠው ነጂብ ነው። ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሁለት ቦታ ለየ። ቅርብ ያለው ላይ ኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ አስቀመጠ፤ ለልጆችና ለጀማሪ። ራቅ ያለው ላይ ቀይ ድንጋይ፤ ክንዱን ለሚያምን። ተጫዋቹ የፈለገውን ይመርጣል። ከቀዩ የወረወረ ግን ከቁጥሩ ላይ አንድ ውርወራ ይቀነስለታል። ነጂብ በዚህ ሥራ ደስ ብሎት ነበር። ሳህኑን ይዞ ወደ ኋላ እየሸሸ ይወረውራል፣ ያስባል፣ ድንጋዩን አንሥቶ ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋል።

የመጨረሻው ቅርጫት ላይ ሲደርስ ሜዳው አለቀበት። ቅርጫቱ የቆመው ወንዙ ወደ የብስ ገብቶ እንደ ትንሽ ኩሬ ከተኛበት ሥርጥ ማዶ ነው። ለቀዩ ድንጋይ የሚበቃ ርቀት የሚገኘው ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የተወረወረ ሳህን በሥርጡ ላይ ተንሳፍፎ አልፎ ይወርዳል። በጎን በኩል ከማንጎው ጀርባ ሌላ ቦታ ነበረ፤ ግን ቅርብ ነው። ነጂብ እዚያው ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየ። በመጨረሻ አፋፉ ላይ ሄዶ፣ ከሥሩ ባሮ እየተግተለተለ፣ ቀዩን ድንጋይ አኖረው። ለምን እንደሆነ ኋላ ስጠይቀው፣ ማንጎው ጋ ቢያስቀምጠው የመረጠው እሱ ሳይሆን ፍርሃቱ እንደሚሆን ተሰምቶት እንደነበር ነገረኝ። ሰውም ሁሉ ያንን ያውቅበታል ብሎ ፈራ። ፍርሃትን ፈርቶ ነው እንግዲህ።

ያ ድንጋይ ስም አወጣ። ከግብርና ቢሮ የሚመጣው ዴንግ፣ የማታር ከተማ ልጅ፣ ክንዱ እንደ መቅዘፊያ የረዘመ፣ ከዚያ ሲወረውር ለማየት ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ነጂብ ራሱ አንድም ቀን ከዚያ አልወረወረም። ከነጩ ወርውሮ ያልፋል።

በጥቅምት የክልሉ በዓል ሲደርስ፣ ስፖርቱን የሚያስተባብሩት አቶ ተሰማ የትምህርት ቤቱና የቢሮዎቹ ሠራተኞች በሳህን ጨዋታ እንዲወዳደሩ ወሰኑ። ውድድሩ ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥርጡ አፍ ላይ አዞ አየን አሉ። አንዷ ግንድ ነው አለች፤ ሌላዋ ግንድ ውሃውን ተቃርኖ ሽቅብ አይሄድም አለቻት። ነገሩ ነጂብ ጆሮ ሲደርስ ሰውየው ተለወጠ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ንግግሩን ጀምሮ ይተወዋል። ምሳ አብረን ስንበላ እጁ ጉርሻውን እንደያዘ ይቀራል። አንድ ሰው እሱ ካኖረው ድንጋይ ላይ ሲወሰድ፣ ልብሱ ዳር ላይ ሲቀር ይታየው ነበር።

አቶ ተሰማ ዘንድ ሄዶ የመጨረሻው ቅርጫት ከነጩ ድንጋይ ብቻ እንዲወረወር ለመናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አስቀምጠው ሻይ አዘዙለት። ሕዝቡ የሚመጣው ያንን ለማየት ነው፣ አዞም ቢሆን ገደል አይወጣም ብለው አጽናኑት። ደግሞስ ቦታውን የመረጥከው አንተው አይደለህ? ሲሉት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ከዚያ ወደ አባንግ ሄደ። አባንግ አንደኛ ክፍል የምታስተምር የአኙዋ ልጅ ናት፤ እዚያው ባሮ ዳር ተወልዳ፣ ከመራመድ ቀድማ ዋና የለመደች። ሥርጡ ውስጥ አዞ ይገባ እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔ እዚህ አይቼ አላውቅም» አለችው። «ግን ወንዝ ነው። ዋስ አልሆንህም።»

ሌላ ሰው ቢሆን አይዞህ ይለው ነበር። እሷ እውነቱን ስለነገረችው ይበልጥ ፈራ።

የውድድሩ ቀን ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥል ነበር። ባሮ ከክረምት ሙላቱ እየጎደለ፣ ገደሉ ላይ እርጥብ ምልክቱን ትቶ ወርዷል። ሕዝቡ ማንጎ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል። ነጂብ ለትምህርት ቤቱ ተሰልፎ በየቅርጫቱ ከነጩ ድንጋይ ወረወረ፤ ከግብርና ቢሮ ወገን ሳቅ ይሰማል፣ እሱ አይሰማም። ዓይኑ ወደ ወንዙ ነው። አካሄዱ እየከበደ፣ ሸሚዙ ከጀርባው እየተጣበቀ መጣ። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ አንድ ረጅም የጀልባ መግፊያ እንጨት ከማንጎው ሥር አነሣ። ለካ ጠዋት አምጥቶ አስቀምጦት ኖሯል።

ዴንግ በአንድ ውርወራ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ቀዩን መረጠ። ነጂብ ቀድሞት አፋፉ ላይ ወጣና በድንጋዩና በውሃው መሃል ቆመ፤ እንጨቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ።

ዴንግ እየገረመው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው።

«አንተ ወርውር» አለው ነጂብ ሳይዞር። «እኔ ውሃውን አያለሁ።»

እኔ ከጎን ስለነበርኩ ፊቱ ይታየኛል። ከንፈሩ ነጥቷል። ዓይኑ ከውሃው ላይ አይነሣም፤ ያ ሁሉ ጭቃማ ውሃ እየተጥመለመለ ሲያልፍ እያንዳንዱን ቅጠል ይከተላል። እንዲያ የፈራ ሰው እንዴት በእግሩ እዚያ ሄዶ እንደቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዴንግ ወደ ኋላ ሄዶ ተንደረደረ። እግሩ ድንጋዩ አጠገብ መሬቱን ረገጠ፤ ሳህኑ ከእጁ ወጣ። በዚያች ቅጽበት እንደ ደረቅ እንጨት ስብራት ያለ ድምፅ ሰማን። ሣሩ ላይ መስመር ተሰነጠቀ። ውሃው ክረምቱን ሁሉ ገደሉን ከሥር ሲበላው ኖሮ አፋፉ ባዶ ሆኖ ነበር። ዴንግ በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ራሱን ወረወረ። ነጂብ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር ምንም አላየም። መሬቱ፣ ቀዩ ድንጋይ፣ እንጨቱና እሱ አንድ ላይ ወረዱ።

ከውሃው አንዴ እጁ ወጣ፣ ተመልሶ ጠፋ። ኋላ እንደነገረኝ፣ እግሩን አንድ ነገር ጨመደደው፤ የዛፍ ሥር ይሁን አፈር አያውቅም፤ እሱ ግን ያው መጣ ብሎ አሰበ። መታገሉንም የተወው ያን ጊዜ ነው። ከእናቱ ጋር ሽቅብ የሮጠበት ዳገት ብቻ ታየው።

ሁላችንም ደንዝዘን ስንቆም አባንግ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሥርጡ በኩል ገባች። ወንዙ ወደ እሷ እንዲያመጣው ከታች ጠበቀችው፤ ሲደርስ አንገትጌውን ይዛ፣ እየጠለቀችና እየወጣች ወደ ጥልቀት የሌለው ቦታ ጎተተችው። እኔና ዴንግ ገብተን ተቀበልናት። ነጂብ ጭቃ ላይ ተኝቶ ውሃ ሲተፋ ቆየ። ከዚያ እግሩን ለመሰብሰብ እየተወራጨ፣ አዞው፣ አዞው ይል ጀመር። አባንግ ሁለቱንም እግሮቹን በእጇ ያዘችና እንዲያያቸው አደረገች።

«አዞ የለም» አለችው። «መሬቱ ነው የተናደው።»

ውድድሩ በዚያው ቀረ። አቶ ተሰማ ምሽቱን ነጂብ ቤት መጥተው ከአጠገቡ ተቀመጡ። ከይሪያ ወሬውን ሰምታ ከሠፈራ ጣቢያው መጣች። ሁላችንም መሐላውን ታነሣበታለች ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አልብሳው፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ዱዓ ስታደርግ አመሸች።

ሳምንት ካለፈ በኋላ አዲስ ቀይ ድንጋይ ቀብቶ አባንግንና እኔን ይዞን ወጣ። የተናደው አፋፍ ጋ ሊደርስ ሲል እግሩ ቆመ። አልገፋነውም። ዞሮ ከማንጎው ጀርባ ሄደና ድንጋዩን እዚያ አኖረው። አንዴ ወረወረ፣ ትንሽ አሰበ፣ አላንቀሳቀሰውም። ዴንግ በኋላ አይቶት፣ ይሄማ ለሕፃን ነው፣ በጣም ቀለለ ብሎ አማረረ።

«ይቅለል» አለው ነጂብ።

ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። እሱም ሰው ምን ይለኛል ሲል አላየሁትም።

ፍርሃቱ ለቀቀው ብዬ ብናገር ውሸት ይሆናል። ከዚያ በኋላማ ሜዳ ላይ ሲሄድ እንኳ መሬቱን በእግሩ ጫፍ እየሞከረ ነበር የሚረግጠው። ድልድዩንም እንደ ድሮው መሃል መሃሉን ይሻገራል፤ አሁን ግን የሚስቅበት ሰው አልነበረም። ሳህኖቹ በፀሐይ እየተሰነጠቁ እስኪያልቁ ድረስ ተማሪዎቹን አጫወተ። አንዱ ትንሽ ልጅ ከየትኛው ድንጋይ ልወርውር ሲለው፣ ደስ ያለህን ምረጥ ይለዋል፤ ነጩን ቢመርጥ ከጎኑ ቆሞ አብሮት ከነጩ ይወረውራል።

በበጋው፣ ባሮ ጠርቶ አሸዋው ሲታይ፣ አባንግ ዋና ላስተምርህ አለችው። በቀን፣ ሴቶች በሚያጥቡበትና ልጆች በሚንጫጩበት ቦታ ወረዱ። ከዳር ሆኜ አየኋቸው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ የእሷን ክንድ በሁለት እጁ ጨምድዶ ገባ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ወደ ፊት ልትወስደው ስትል፣ እዚህ ይበቃኛል አላት። እሺ አለችው። ልጆቹ እየዋኙ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሁለቱ እዚያው ብዙ ቆሙ።

ከዚያ ርቆ ገብቶ አያውቅም። ግን በየበጋው ይወርድ ነበር።