የሀቢቡላህ ዋንዛ

በሊሙ ገነት አካባቢ በምትገኘው በዚያች መንደር ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም አይነካም። ዛፉ የሰቀለው ሰው ነው፤ አበቃ። ቡና ገበሬው ሀቢቡላህ ወንዙን ለወርቅ ሊቆፍሩ የመጡትን ሰዎች የገጠማቸው ይህን ልማድ ይዞ ነበር። ለቡናው ጥላ የሆኑትን የወንዝ ዳር ዛፎች ሊገነድሱ ሲመጡ በየዛፉ ቀፎ ሰቅሎ ጠበቃቸው። «መጀመሪያ ንቦቼን አስፈቅዱ» ይላቸው ነበር እየሳቀ።

ሚስቱ ባህሪያ ግን አልሳቀችም። «ተው አንተ ሰውዬ፣ ብረት የያዘ ሰው በንብ አይመለስም» አለችው። እሱ መቼ ሰምቶ! ከመስጊድ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት መቱት። ገዳዩ ዛሬም አልተያዘም።

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ወንድ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እርግጥ ጥይት ባየ መንደር አይፈረድም። ቀፎዎቹ በዝናብ እየበሰበሱ አንድ በአንድ ወደቁ። ቀፎው የወደቀበት ዛፍ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተገነደሰ። ትልቁ ዋንዛ ብቻ ቀረ።

ባህሪያ በየማለዳው ወጥታ ታየዋለች። ሀቢቡላህ እዚያ ላይ ሆኖ «ባህሪያ፣ ውሃ!» እያለ ይጣራ ነበር። «ወርደህ አትጠጣም? እግር የለህም?» ትለው ነበር እሷም። አሁን ያቺን ጥሪ አንድ ጊዜ ብትሰማ ወንዙን ተሸክማ በሮጠች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ የዋንዛውም ቀፎ ወደቀ።

ባሏ ጀምሮት የነበረውን ቀፎ ከጓዳ አውጥታ ጨረሰችው። እበት ለቀለቀችው፣ በቅጠል አጠነችው። ከዚያ ጎረቤቷ ሙሀጅር ዘንድ ሄደች።

«ማሎ ሙሀጅር፣ እባክህ ስቀልልኝ።»

«ልጆች አሉኝ እኮ፣ ባህሪያ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያው ገመድህን አውሰኝ።»

ሴት ቀፎ ስትሰቅል በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ባህሪያ ግን ገመዱን የዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ወርውራ ትስብ ጀመር። ቀፎው ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ክንዷ ዛለ። ይሄኔ ከኋላዋ ሌላ እጅ ገመዱን ያዘ። ሙሀጅር ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ሳበ፤ ከዚያም ዛፉ ላይ ወጥቶ አሰረላት።

ቡናው ሲያብብ ቀፎው ውስጥ የንብ መንጋ ገባ። ባህሪያ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። ዋንዛው ሥር ስትደርስ በእጇ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዛለች።

ሽቅብ አንጋጣ ቆየች።

«ንቦችህ መጡ» አለች። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ውሃውን ግንዱ ሥር አፈሰሰችው።