የተቆረጡት ስድስት ደቂቃዎች

ባለቤቴን ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «አርቲስት ነኝ» ትላለች። የት ነው የምትሠሪው? ሲሏት ደግሞ «ህፃናት ማቆያ»። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ወደኔ ይዞራል፤ እኔ ወደ ጣሪያው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ምን እንደምትሠራ በቅጡ አልገባኝም ነበር።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የኔ ሥራ ግልጽ ነው፤ ወይ ያቀዘቅዛል፣ ወይ አያቀዘቅዝም። እሷ ግን ድሮ መድረክ ላይ ቆማ አዳራሽ ሙሉ ሰው ታስለቅስ የነበረች ሴት፣ አሁን ሦስት ዓመት ያልሞላቸው አሥራ አራት ፍጥረቶች ፊት ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ራሷ የሰፋቻትን የጨርቅ ወፍ ጭኗ ላይ ታደርግና ዝም ትላለች። ዝም! ይሄ ምኑ ነው ጥበቡ?

በቅርቡ የማቆያው ኃላፊ ጠሯትና «ልጄ፣ ሥራሽን እወደዋለሁ፤ ከዚህ ወር በኋላ ግን የምከፍልሽ የለኝም» አሏት። ያን ሰሞን ነው ማስታወቂያው የወጣው፤ ከትንንሽ ህፃናት ጋር ለሚሠሩ የጥበብ ባለሙያዎች የአንድ ዓመት ድጋፍ። ካገኘች ትቀጥላለች። ካላገኘች የእህቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገብታ በሜትር ስትለካ ልትውል ነው። ከማመልከቻው ጋር ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ይላክ ይላል።

«አንተ ቅረጽልኝ» አለችኝ።

ሄድኩና ጥግ ይዤ ስልኬን ደገንኩ። ወፏን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ መዳፏን ከስር አድርጋ፣ የምትተነፍስ እንድትመስል ቀስ እያለች ታነሳታለች። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አንዱ አፍንጫውን ይጎረጉራል፣ አንዷ ካልሲዋን ታወልቃለች። ቀይ ሹራብ የለበሰች አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታያለች። «ኧረ ጀምሪ በይ!» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ባለ ሹራቧ ግማሽ መንገድ መጣች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ መጣች። በስንት ጊዜዋ ጣቷን ወፏ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ያኔ ወፏ ብድግ አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ቤት ገብቼ ቪዲዮውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ምንም የለም! በኔ ሙያ ዝም ያለ ፍሪጅ የተበላሸ ፍሪጅ ነው። ይሄን ልኬ ሚስቴን ላዋርዳት እንዴ? ዝምታውን በሙሉ ቆረጥኩት። ልጅቷ ነካ ስታደርግ፣ ወፏ ብድግ፣ ሳቅ በሳቅ! ስልኬም ሞልቶ ስለነበር ዋናውን አጠፋሁት። እሷ ራሷን በቪዲዮ ማየት አትወድም፤ «ላክኸው?» አለች፣ «አሳምሬ!» አልኳት። «ተባረክ» ብላ ሳመችኝ።

ትናንት መልሱ መጣ። ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። «ባለሙያዋ ክህሎት አላት። ነገር ግን ትቸኩላለች፤ ህፃናቱ በራሳቸው ጊዜ እስኪመጡ አትጠብቅም። ስለዚህ ድጋፉን መስጠት አልቻልንም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው።»

«እቸኩላለሁ?» አለች። ደግማ አነበበችው። «እኔ? እኔ ነኝ የምቸኩለው?» የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሏት ስሟን ፈለገች፤ ስሟ አለ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። መቁረጤንም፣ ማጥፋቴንም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ምነው በጮኸችብኝ! ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ልውጣ? እግሯ ላይ ልውደቅ? ሻይ ላፍላላት? ግራ ገባኝ። አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቁልፌን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አልጠራችኝም፤ ፊቷንም አላዞረችብኝም። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እንጃ፤ በመጨረሻ ሄጄ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እጇን ነካ አደረግኩት።

«አየህ» አለችኝ እንባዋ እየወረደ፣ «የቆረጥክብኝ ይሄን ነው።»