ተበላች የተባለችው ርግብ

ከቤቴ በላይ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ፈርገሊና ርግቦቹ አሉ። በሰፈራችን በኢምባባ እንዲህ ያለ ጎረቤት የገጠማት ሴት ነጭ አንሶላ ማስጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ስንቴ ደረጃውን ወጥቼ ሰድቤዋለሁ! እሱ ግን ከርግቦቹ የእንጨት ማማ ጫፍ ላይ ርግብ የሚያበርበትን ባንዲራ እያውለበለበ፣ «ኡም ወግዲ፣ ከሰማይ የወረደ በረከት ነው፤ አልሐምዱሊላህ በይ» ይለኛል፤ ኡም ወግዲ የወግዲ እናት ማለት ነው፣ እኔ ነኝ። በረከቱን ራሱ ይብላው።

ሥራው ያረጀ ሶፋ ማደስ ነው። ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከርግቦቹ በቀር የሚያናግረው የለም። ከሁሉም የሚወዳት ናርጊስን ነበር። ነጭ ናት። ስንዴ በከንፈሩ ይዞ ሲጠጋት ከአፉ ለቅማ ትበላለች። ሞባይል የሚባል ነገር አይወድም ነበር። «ሰው ርግቡን ትቶ የርግብ ፎቶ ያያል፤ ነገ ደግሞ ዳቦውን ትቶ የዳቦ ፎቶ ይበላል» ይል ነበር።

በእኛ ሰፈር ርግበኞች ዘንድ ሕግ አለ። ሰላም ባላቸው ማማዎች መካከል የባዘነች ርግብን ባለቤቷ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይወስዳታል። ጦርነት በሰው ፊት ከታወጀ ግን ያረፈችበት ሰው ንብረት ናት። ቢሻው ያራባታል፣ ቢሻው ይበላታል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ቡንዱቅ ከኛ ሦስተኛው መንገድ ላይ የሚኖር ጎረምሳ ነው። ማማው ላይ ካሜራ ተክሎ ርግቦቹን በየቀኑ በቀጥታ የሚያሳይ፣ በርግበኞች የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ ስሙ የገነነ። አንድ ቀን ናርጊስ እሱ ጋ አረፈች። ሰላም ነበሩ፤ መጥራት ነበረበት። እሱ ግን በሩዝ የተሞላች ጥብስ ርግብ ሳህን ላይ አስቀምጦ ፎቶዋን ለጠፈ። «የአም ፈርገሊ ናርጊስ ሩዝ በላች፤ እኛም እሷን» ብሎ ጻፈበት፤ «አም» ለትልቅ ሰው ጋሼ እንደ ማለት ነው። ግሩፑ በሳቅ ተንከባለለ።

ፎቶውን ለፈርገሊ ያሳየው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፈርገሊ በሬን ሲያንኳኳ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር።

«ኡም ወግዲ፣ ከከንፈሬ ትበላ የነበረችውን…» ብሎ መጨረስ አቃተው። አንሶላዬን ሁሉ ረስቼ አብሬው አለቀስኩ።

በማግስቱ ሞባይል ገዝቶ መጣ። «አስተምሪኝ» አለ።

«አንተ? የዳቦ ፎቶ ልትበላ ነው?»

«የሰው ሥጋ ልበላ ነው፤ ዝም ብለሽ አስተምሪኝ።»

አስተማርኩት። በእነዚያ መርፌና መዶሻ ባደደራቸው ጣቶቹ ግሩፑ ውስጥ ገባና ድምፁን ቀድቶ ላከ። «እኔ ፈርገሊ ነኝ። በእኔና በቡንዱቅ መካከል ጦርነት ነው። ከሱ ማማ ተነሥታ እኔ ጣሪያ ላይ ያረፈች ርግብ ሁሉ፣ በሚስቴ መቃብር እምላለሁ፣ የቢላዬ ናት። አንዷም አትተርፍም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ የወጣ ደግሞ ይብሳል፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። «አንበሳው ሽማግሌ!» እያሉ አሞገሱት። የማታውቀው ሰው እንዲህ ሲያሞግስህ ገደል አፋፍ ላይ አቁሞህ እያጨበጨበልህ እንደሆነ ማን በነገረው!

ከዚያ በኋላ ሶፋ ማደሱንም ሰው ቤት ሻይ መጠጣቱንም ተወ። ሲሰግድ እንኳ ሞባይሉ አጠገቡ ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብዬ ብገሥጸው፣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» አለኝ። የቡንዱቅን ስርጭት እያየ ይጠብቃል። ልጁ ተመልካች እንዲበዛለት ስርጭቱን ያስረዝማል፤ ስርጭቱ እንዲረዝም ደግሞ ርግቦቹን በባዶ ሆዳቸው ሰማይ ላይ ያንከራትታቸዋል። ፈርገሊ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ የራባት ርግብ ስንዴ ወዳየችበት ትወርዳለች።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀትር ላይ ወጥ እያማሰልኩ ስርጭቱን አያለሁ። ቡንዱቅ ጀርባውን ለሰማይ፣ ፊቱን ለካሜራ ሰጥቶ የተመልካቾቹን ሰላምታ ያነባል። ከበላዬ የፈርገሊ ፉጨት ተሰማ። ርግቦቹን ሰደደ፤ ከቡንዱቅ መንጋ ጋር ተቀላቀሉ። ባንዲራውን አወረደ፣ የስንዴውን ጣሳ አንቋቋ። ግሩፑ «ቡንዱቅ፣ ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይጽፋል፤ ልጁ «እናንተም ሰላም ናችሁ» ይላል። ሲዞር ሰማዩ ባዶ ነበር፤ መንጋው ሁሉ ፈርገሊ ጣሪያ ላይ ወርዶ መረብ ውስጥ ገብቷል።

«ኡም ወግዲ፣ ድስትሽን ይዘሽ ነይ!» ሲል ሰማሁት። ይዤ ወጣሁ፤ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞባይሉን ሰጠኝና እኔም በቀጥታ ማሳየት ጀመርኩ። የራሱን ርግቦች ለይቶ ወደ ማማው አስገባ። የቡንዱቅን ከመረቡ እያወጣ፣ ቢስሚላህ አላሁ አክበር እያለ አረደ።

ደረጃው ተንቀጠቀጠ። ቡንዱቅ በባዶ እግሩ፣ በካናቴራ ደረሰ።

«አም ፈርገሊ፣ በአላህ ያቁሙ! ናርጊስ እነሱ ውስጥ ናት! አልበላኋትም! ሳህኑ የምግብ ቤት ነው፤ ለሳቅ ብዬ ነው!»

«ውሸታም! ነጭ ርግብ አንድም የለችም!»

«ቀይ ቀብቻታለሁ፤ ሰው እንዳይለያት!»

መረቡ ውስጥ የቀረችው አንዲት ርግብ ብቻ ነበረች፤ ቀይ። ፈርገሊ ቢላውን መሬት ላይ ጣለው። ከጣሳው ስንዴ አንሥቶ በከንፈሩ ይዞ ጎንበስ አለ። አንገቷን አዘንብላ አየችውና ከአፉ ለቀመች።

እንደዚያ ሲያለቅስ ሚስቱ ስትሞት እንኳ አላየሁትም።

ሞባይሉ እጄ ላይ ይጮኻል። «ቃልህስ?» «ያረፈች ሁሉ ብለሃል!» «በሚስትህ መቃብር!» አንዱ የፈርገሊን የራሱን ድምፅ መልሶ ለጠፈው። አንበሳ ያሉት እነሱው ናቸው፤ አሁን ደም ካላዩ አይሄዱም። ሞባይሉን ዘጋሁት፤ እነሱን ያገኘሁ ቀን ግን እኔም ቢላ አለኝ።

ቡንዱቅ ከታረዱት መካከል አንዱን ግራጫ ወንድ አነሣ። «አባታቸው ይሄ ነበር» አለ። «ናርጊስ እኔ ጋ ጫጩቶች አሏት። ገና ላባ አላወጡም።»

ፈርገሊ ናርጊስን በእጁ ይዟት ነበር። እጁን ከፈተ። ናርጊስ ተነሣች፤ በተወለደችበት ማማ ላይ አንዴ ዞረችና ወደ ሦስተኛው መንገድ ሄደች።

እኔ የታረዱትን በሩዝ ሞልቼ ጠበስኩ። የአንሶላዬን ደም መለስኩ፤ ጣፍጠውኛል። ፈርገሊ ግን ሳህኑን ሳይነካ መለሰልኝ።

ዛሬ ቡንዱቅ ማማ ላይ ያሉት ናርጊስና ልጆቿ ናቸው። ስርጭቱን ትቷል፤ የሚያየው የለም። ጦርነቱ ግን አብቅቷል ያለ የለም፤ መሐላውም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለ። ፈርገሊ በየቀትሩ ጣሪያው ላይ ስንዴ ይበትናል፣ ያፏጫል። ቢላው አጠገቡ ነው። ናርጊስ ትመጣለች፤ ከነልጆቿ በላዩ ላይ ትዞራለች።

«ብታርፍ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት ትናንት።

ስንዴውን ከከንፈሩ አወጣ።

«አታርፍም» አለኝ።